ሊኑክስን በምን ማደስ ያዋጣል? መስመር ለሚቆራረጥበት ገበያ የሚሆን የማደሻ መሣሪያ አመራረጥ

ዛሬ በወልዲያም ሆነ በመርሳ ያለ ኮምፒዩተር የሚሠራ ነጋዴ እየቀነሰ ነው። የእህል ነጋዴው የመጋዘን መዝገቡን፣ ባለመድኃኒት ቤቱ የዕቃውን ማብቂያ ቀን፣ ባለጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቱም የደንበኞቹን ሰነድ የሚያኖሩት በዚሁ መሣሪያ ውስጥ ነው። መሣሪያው የሚገባው በዶላር በመሆኑ፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ያለውን ኮምፒዩተር በአዲስ መተካት ለብዙዎች ከአቅም በላይ ሆኗል። በዚህ ላይ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ሲሰጥ የቆየውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ አብዛኞቹን የቆዩ ኮምፒዩተሮች አይቀበልም።

እንግዲህ ነጋዴው ያለው ምርጫ ሦስት ነው። ጥበቃ በሌለው ኮምፒዩተር መቀጠል፣ ውድ ዋጋ ከፍሎ አዲስ መግዛት፣ ወይም ያለ ፈቃድ ክፍያ የሚገኘውንና በአሮጌ ኮምፒዩተርም የሚሠራውን ሊኑክስ መጫን። ሦስተኛውን የመረጠ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው የትኛው ሊኑክስ እንደሚያምር ነው። ለኪሱና ለሥራው የሚበጀው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ከተጫነ በኋላ በየጊዜው የሚታደሰው በምን መሣሪያ ነው? መስመር ሲጠፋስ?

በትልልቅ ከተሞች ይህ የባለሙያዎች ክርክር ብቻ ሊሆን ይችላል። በሰሜን ወሎ ግን የወጪና የደኅንነት ጉዳይ ነው። በእኛ አካባቢ መሣሪያው የሚመዘነው በፍጥነቱ ወይም በአዲስነቱ ሳይሆን፣ ማሻሻያውን አንድ ጊዜ አምጥቶ ለብዙ ማሽን ማካፈል በመቻሉ፣ መስመር ሲቋረጥ በሌላ መንገድ በመሥራቱና ስህተት ሲፈጠር ወደ ኋላ በመመለሱ ነው።

ጥቅል፣ መጋዘንና ደላላ

በሊኑክስ ዓለም ፕሮግራም የሚቀርበው “ጥቅል” ሆኖ ነው። ለምሳሌ አቢሲኒካ የተባለው የግዕዝ ፊደል ቅርጽ ደቢያን በሚባለው ሊኑክስ ውስጥ ራሱን የቻለ አንድ ጥቅል ነው። ጥቅሎቹ የሚቀመጡበት የኢንተርኔት ቋት መጋዘን ነው ብለን እናስበው። የማደሻ መሣሪያው ደግሞ በነጋዴውና በመጋዘኑ መካከል ያለው ደላላ ነው።

ደላላው ሦስት ተግባር አለው። አንደኛ፣ በመጋዘኑ ምን እንዳለና ምን እንደተለወጠ ያውቃል። ሁለተኛ፣ አንዱ ጥቅል ያለ ሌላው እንደማይሠራ ስለሚያውቅ አብረው የሚሄዱትን አንድ ላይ ያመጣል። ሦስተኛ፣ ዕቃው በመንገድ ላይ እንዳልተነካ ማኅተሙን ይመረምራል። ይህ ማኅተም ኤሌክትሮኒክ ፊርማ ሲሆን፣ የተጭበረበረ ፕሮግራም ወደ ኮምፒዩተራችን እንዳይገባ ዋናው መከላከያ ነው።

አዲስ ተጠቃሚዎች የሚያምታቱት አንድ ነገር አለ። ዝርዝሩን ማደስና ዕቃውን ማምጣት ሁለት ልዩ ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያው ከመጋዘኑ አዲሱን የዕቃ ዝርዝር ማየት ሲሆን፣ ሁለተኛው ዕቃውን አስጭኖ ማራገፍ ነው። ዝርዝሩን ብቻ አይቶ “አደስኩ” ብሎ የሚቀመጥ ሰው ኮምፒዩተሩ አንድም ነገር አልተለወጠም።

ባለማደስም በማደስም ይከሰራል

ማደስ ለምን አስፈለገ ለሚል፣ ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። ዋናክራይ የተባለው ተንኮለኛ ፕሮግራም በ150 አገሮች ገደማ ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒዩተሮችን ቆልፎ ገንዘብ ጠየቀ። የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ በሽተኛ መመለስ ግድ ሆነባቸው። የሚያሳዝነው ዋናክራይ የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው የዊንዶውስ ማሻሻያ የወጣው ከሁለት ወር ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። መድኃኒቱ ነበረ፤ ያልወሰደው ሰው ግን ብዙ ነበር። ሊኑክስም ቢሆን ቀዳዳ አያጣም። ብዙ የኢንተርኔት አገልግሎቶች ምስጢራቸውን የሚጠብቁበት ኦፕንኤስኤስኤል ላይ “ሃርትብሊድ” የተባለው ከባድ ጉድለት በመጋቢት 2006 ዓ.ም. ይፋ ሲሆን፣ ሊኑክስ አቅራቢዎች ወዲያውኑ ማሻሻያ አውጥተዋል። የተጠቀመው ግን ፈጥኖ ያደሰው ብቻ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

በሌላ በኩል፣ ያለ ፍተሻ ማደስም ራሱን የቻለ ኪሳራ አለው። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ ያሰራጨው አንድ የተበላሸ ማሻሻያ 8 ነጥብ 5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮችን አቆመ። በረራ ተሰረዘ፣ ባንክ ቆመ። በአገራችንም በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ በተፈጠረ እክል ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ አውጥተው እንደነበር ይታወሳል። ባንኩ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ መወሰዱን አስታውቆ ገንዘቡን ሲያስመልስ ከርሟል። የእክሉ ምክንያት የሳይበር ጥቃት ሳይሆን በሥርዓቱ ላይ ይካሄድ ከነበረ የጥገናና የፍተሻ ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑም ተገልጿል።

እነዚህ ትልልቅ ድርጅቶች ናቸው። በመርሳ አንድ ኮምፒዩተር ያለው የፍራፍሬ አከፋፋይ ግን ትምህርቱ ያው ነው። ማደስን የሚተው በሌባ፣ ሳይፈትሽ የሚያድስ በራሱ እጅ ሊጎዳ ይችላል። ጥሩ መሣሪያ ከሁለቱም የሚያድን ነው።

አዲስ ሁሉ ደግ አይደለም

ብዙ ወጣት ባለሙያዎች በጣም አዲሱን ቅጂ መጫን ይወዳሉ። ለንግድ ሥራ ግን የበሰለውን መምረጥ ይበጃል። በመጋቢት 20 ቀን 2016 ዓ.ም. ኤክስዜድ በተባለ ፋይል መጭመቂያ ውስጥ ሆን ተብሎ የተደበቀ የኋላ በር ተገኘ። የደረሰበት ባለሙያ ከሩቅ ወደ ኮምፒዩተሩ ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ አጠራጥሮት ነው የመረመረው። የተበከለው ቅጂ የደረሰው በፍጥነት አዲስ ነገር ወደሚቀበሉት የሙከራ ቅጂዎች ነበር። የተረጋጋውን የደቢያን ቅጂ የያዙት አልተነኩም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ መሣሪያ ከመምረጥ በፊት “የረጅም ጊዜ ድጋፍ” ያለውን ቅጂ መያዝ ይገባል። ኡቡንቱ 24.04 እስከ 2029 እ.ኤ.አ. መደበኛ ድጋፍ አለው። በእርሱ ላይ የተሠራው ሊኑክስ ሚንት 22ም እንዲሁ። ደቢያን 13 በነሐሴ 2017 ዓ.ም. የወጣ ሲሆን፣ በጠቅላላው አምስት ዓመት ይጠበቃል። ፌዶራ ግን አንዱ ቅጂ የሚደገፈው 13 ወር ያህል ብቻ ነው። በየዓመቱ ከፍተኛ መጠን ያለው ፋይል ማውረድ ለሚከብደው ሰው ፌዶራ አይመከርም።

የአቅራቢው ቃልም መመርመር አለበት። ሰንትኦኤስ 8 እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ይጠበቃል ተብሎ ብዙ ድርጅቶች አገልጋይ ኮምፒዩተራቸውን በእርሱ ላይ ጭነው ነበር። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ግን ውሳኔው ተለውጦ ድጋፉ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ተቋረጠ። የቀድሞው ሰንትኦኤስ 7ም በሰኔ 2016 ዓ.ም. አብቅቷል። ዛሬም በእነዚህ ላይ የሚሠራ ቢሮ ካለ፣ መሣሪያው ምንም ጥሩ ቢሆን መጋዘኑ ተዘግቷል፤ የሚያመጣው ዕቃ የለም።

መሣሪያዎቹ ሲመዘኑ

አፕት የደቢያን፣ የኡቡንቱና የሚንት መሣሪያ ነው። በ1991 ዓ.ም. ከደቢያን 2.1 ጋር በይፋ የወጣ ሲሆን፣ የዕድሜው ብዛት ራሱ ጥቅም ነው፤ የሚያውቀው ባለሙያ በቀላሉ ይገኛል። ማውረዱ በመሐል ቢቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል። የደኅንነት ማሻሻያዎችን ብቻ ለይቶ ሰው ሳይነካው የሚጭን ተጨማሪ አለው፤ ኡቡንቱ ላይ ከመጀመሪያው በርቶ ይመጣል። ድክመቱ ወደ ኋላ መመለስ ላይ ነው። በስፋት በሚገኙት ቅጂዎች አንድ ማሻሻያ ሲያበላሽ የድሮውን ጥቅል በእጅ ፈልጎ መመለስ ያስፈልጋል።

ዲኤንኤፍ የፌዶራ፣ የሬድ ሃት፣ የአልማሊኑክስና የሮኪ ሊኑክስ መሣሪያ ነው። በ2007 ዓ.ም. በፌዶራ 22 ላይ የቀድሞውን ያም ተክቷል። እንደ ደህና ሒሳብ ሠራተኛ እያንዳንዱን ግብይት በቁጥር ይመዘግባል። ቁጥሩን ጠርቶ “ይህን ሰርዝ” ማለት ይቻላል፤ የድሮው ጥቅል በመጋዘኑ ካለ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። ሌላም ብልጫ አለው። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ እያንዳንዱ ጥቅል የራሱን ፊርማ ይዞ ይጓዛል። በአፕት ቤተሰብ ግን ፊርማው በአብዛኛው ያለው በመጋዘኑ ዝርዝር ላይ ነው። ይህ ልዩነት ጥቅል በፍላሽ ለሚያጓጉዝ ሰው ትልቅ ትርጉም አለው።

ዚፐር የኦፐንሱሴ መሣሪያ ነው። ከእያንዳንዱ እድሳት በፊትና በኋላ የሥርዓቱን ምስል እንዲያስቀምጥ ሆኖ ይመጣል። ኮምፒዩተሩ አልነሳ ቢል እንኳ ሲበራ ከሚታየው ዝርዝር ያለፈውን ምስል መርጦ መመለስ ይቻላል። በመመለስ ረገድ ከሁሉም ይበልጣል። ይሁን እንጂ ኦፐንሱሴን የሚያውቅ ባለሙያ በወልዲያ ከማግኘት አፕት የሚያውቅ ማግኘት ይቀላል፤ ሲበላሽ የሚጠግን ከሌለ ብልጫው ዋጋ ያጣል።

ስናፕና ፍላትፓክ ከላይ ካሉት የሚለዩት ፕሮግራሙን ከሚያስፈልጉት ነገሮች ጋር አንድ ላይ አሽገው ስለሚያቀርቡ ነው። ስለዚህ ክብደታቸው ይበዛል። በፍላትፓክ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ለመጫን መጀመሪያ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት መሠረት ማውረድ ሊያስፈልግ ይችላል። ስናፕ ደግሞ ካልተከለከለ በስተቀር በቀን አራት ጊዜ ማሻሻያ ይፈልጋል፤ ካገኘም ባለቤቱን ሳይጠይቅ ያወርዳል። በጥቅል ዳታ ለሚሠራ ሰው ይህ ቆጣሪው ክፍት እንደቀረ ቧንቧ ነው። ስናፕን ለጊዜው ወይም ላልተወሰነ ጊዜ እንዲቆይ ማዘዝ ይቻላልና፣ ኡቡንቱ የጫነ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ይህን ያድርግ።

የእኛ አካባቢ ሚዛን

ወልዲያ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በጦርነቱ ተይዛ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ስትቆይ፣ መብራት፣ ስልክና ባንክ ተቋርጠው ነበር። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለወራት ዘልቋል። ከዚህ የተረፈው ትምህርት አንድ ነው። በየቀኑ መስመር ይኖራል ብሎ የታቀደ የእድሳት ሥርዓት በዚህ አካባቢ ሥርዓት አይባልም።

መጀመሪያ ወጪውን እንይ። አንድ ቢሮ አሥር ኮምፒዩተሮች አሉት እንበል። የወሩ ማሻሻያ ለእያንዳንዱ 400 ሜጋባይት ቢሆን፣ ሁሉም በየራሳቸው ሲያወርዱ 4 ጊጋባይት ይፈጃሉ። አንድ አይነት ሊኑክስ የጫኑ ከሆነ ግን አንዱን ኮምፒዩተር የቅርብ ማከማቻ ማድረግ ይቻላል። ለአፕት ቤተሰብ ይህን የሚሠራው “አፕት ካቸር ኤንጂ” የተባለ ፕሮግራም ነው። የመጀመሪያው ማሽን የጠየቀውን ጥቅል ያስቀምጥና ለቀሩት ዘጠኙ በቢሮው ሽቦ ያድላቸዋል። ከውጭ የሚመጣው 400 ሜጋባይትና ጥቂት ብቻ ይሆናል። ከጅምላ ገዝቶ በችርቻሮ እንደማከፋፈል ነው።

ሁለተኛው መስመር የሌለበት ጊዜ ነው። ለዚህ “አፕት ኦፍላይን” የሚባል መሣሪያ አለ። አሠራሩ እንዲህ ነው። መስመር በሌለው ኮምፒዩተር ላይ የሚያስፈልገው ዝርዝር ተዘጋጅቶ በፍላሽ ይያዛል። ዝርዝሩ መስመር ባለበት ቦታ፣ በሌላ ሰው ኮምፒዩተር ላይም ቢሆን፣ ጥቅሎቹን ያስወርዳል። ፍላሹ ሲመለስ ኮምፒዩተሩ ፊርማውን አረጋግጦ ይጭናል። መርሳ ያለ መስመር ብትውል፣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው ወልዲያ ወይም በደሴ መስመር ካለ፣ ለዕቃ የሚመላለስ ሰው ፍላሹን ይዞ ይመለሳል። መንገዱ ክፍት እስከሆነ ማሻሻያው ይደርሳል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። በአፕት ኦፍላይን የመጣ ጥቅልና ከማንም ፍላሽ የተቀዳ ጥቅል አንድ አይደሉም። ቀድመን እንዳልነው በደቢያን ቤተሰብ ፊርማው በዝርዝሩ ላይ ስለሆነ፣ አንዱን ጥቅል ነጥሎ በእጅ የጫነ ሰው ማኅተሙን ሳያይ ኩንታል እንደተረከበ ይቆጠራል። የዲኤንኤፍ ቤተሰብ ጥቅል ግን የራሱን ፊርማ ስለሚይዝ ከመጫኑ በፊት ማረጋገጥ ይቻላል፤ ያም ሆኖ ባለሙያው እንዲያረጋግጥ መታዘዝ አለበት። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ።

ሦስተኛው መብራት ነው። ማሻሻያ በሚጫንበት መሐል መብራት ቢጠፋ ጥቅሉ ግማሽ ተፈትቶ ሊቀር ይችላል። በአፕት ቤተሰብ የተቋረጠውን የሚያስጨርስ ትእዛዝ ስላለ ብዙውን ጊዜ ይስተካከላል። የሚሻለው ግን ማውረዱንና መጫኑን መለየት ነው። አፕትም ሆነ ዲኤንኤፍ “አውርደህ ብቻ አስቀምጥ” የሚል አማራጭ አላቸው። መስመር ባለ ጊዜ አውርዶ፣ መብራት ባለና ዩፒኤስ በሞላ ጊዜ መጫን ይቻላል። ላፕቶፕ ያለው ባትሪውን ሞልቶ ይጀምር።

ለማን የትኛው?

አንድ ወይም ሁለት ኮምፒዩተር ላለው ሱቅ፣ ጽሕፈት ቤት ወይም ደላላ ሊኑክስ ሚንት ይስማማዋል። መሣሪያው አፕት ሲሆን፣ ላዩ ላይ በመስኮት የሚሠራ የማደሻ ፕሮግራም አለው። ታይምሺፍት የተባለው የሥርዓቱን ምስል የሚያስቀምጥ ፕሮግራም አብሮት ስለሚመጣ፣ አፕት የጎደለውን ወደ ኋላ የመመለስ ችሎታ ይሞላል። ሚንት ስናፕን አብሮ ስለማያመጣ ዳታም ይቆጥባል። ታይምሺፍት ግን ሥርዓቱን እንጂ የሒሳብ ሰነዶችን ለመጠበቅ የተሠራ አይደለም። ሰነዱ ለብቻው በውጭ ዲስክ ይቀመጥ።

ከአምስት ኮምፒዩተር በላይ ላለው ቢሮ፣ ትምህርት ቤት ወይም ኢንተርኔት ካፌ፣ ሁሉንም በአንድ ዓይነት ኡቡንቱ ወይም ደቢያን ማስያዝና አፕት ካቸር ኤንጂን በአንዱ ላይ መትከል ያዋጣል። የተቀላቀለ ዓይነት ከተጫነ የማከማቻው ጥቅም ይቀንሳል።

የደንበኛ መዝገብ የሚያኖር አገልጋይ ኮምፒዩተር ላለው ድርጅት ደቢያን ከአፕት ጋር፣ ወይም አልማሊኑክስና ሮኪ ሊኑክስ ከዲኤንኤፍ ጋር ሁለቱም ብቁ ናቸው። የእያንዳንዱን ግብይት መዝገብና መሰረዣ የሚፈልግ ዲኤንኤፍን ይምረጥ። አንዱ የአልማሊኑክስ ወይም የሮኪ ትልቅ ቅጂ አሥር ዓመት ያህል ስለሚጠበቅም ለአገልጋይ ይመቻል። የደንበኛ መረጃ የሚይዝ ድርጅት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃን የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበትም አይዘንጋ።

በሁሉም ዘንድ ግን የሥራው ደንብ አንድ ነው። የደኅንነት ማሻሻያ በየሳምንቱ፣ ሌላው በወር አንድ ጊዜ። መጀመሪያ ሥራ በማይበዛበት አንድ ኮምፒዩተር ላይ ተጭኖ ሁለት ሦስት ቀን ይታይ፤ ማተሚያው ማተሙ፣ የአማርኛ ጽሑፉ በትክክል መታየቱ ይፈተሽ። ከዚያ ለቀሩት ይዳረስ። በገበያ ቀን ዋዜማ ግን ማንም አያድስ።

የማያዋጣበትም አለ

ሊኑክስ ለሁሉም ነው ማለት አይደለም። በአገራችን ብዙ የሒሳብ ባለሙያዎች የሚሠሩበት ፒችትሪ ለዊንዶውስ የተሠራ በመሆኑ በሊኑክስ ላይ በቀጥታ አይሄድም። ሒሳቡ በፒችትሪ የሚያዝ ድርጅት ለዚያ ሥራ አንድ የታደሰ ዊንዶውስ ማስቀረት ግድ ይለዋል። የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያው ከኮምፒዩተር ጋር የተያያዘም ከሆነ፣ ወደ ሊኑክስ ከመዛወሩ በፊት የመሣሪያውን አቅራቢ ይጠይቅ። ጽሕፈቱን፣ ኢንተርኔቱንና የመጋዘን ሰንጠረዡን ግን ያለ ችግር ማዛወር ይቻላል።

ባለሙያ ሲቀጠርም ጥያቄው መለወጥ አለበት። ወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ያለባት ከተማ እንደመሆኗ ኮምፒዩተር የተማረ ወጣት አታጣም። ነጋዴው “ትጭንልኛለህ?” ከማለት ይልቅ “በየወሩ በምን ታድሰዋለህ? መስመር ቢጠፋ በምን ታመጣዋለህ? ቢበላሽ በስንት ሰዓት ትመልሰዋለህ?” ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም በውሉ ላይ ያስፍረው። ለሦስቱም መልስ ያለው ባለሙያ የሚጭነው ሊኑክስ፣ ስሙ ምንም ይሁን ምን፣ ለዚህ ገበያ የሚበጀው ነው። መልስ ከሌለው ግን ኮምፒዩተሩ የሚሠራው መስመር እስካለ ብቻ ነውና፣ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ደግሞ ያስብበት።